የቢሮ ስልክና ኮምፒውተር ሲተዋወቁ፦ ለመድረሳ፣ ለጀመዓና ለአነስተኛ ቢሮ የሚሆን ማብራሪያ



መምህር በነበርኩበት ጊዜ ጎንደር ውስጥ በአንድ ትምህርት ቤት ቢሮ ከሰዓት በኋላ ስልክ የማንሳት ተራ ይደርሰኝ ነበር። አንድ ቀን ከእንፍራንዝ የደወሉ እናት ገና ስልኩን ከማንሳቴ “የኔ ልጅ፣ እባክህ እንደገና ከመጀመሪያው አታስጀምረኝ” አሉኝ። በዚያ ሳምንት ሲደውሉ ሦስተኛ ጊዜያቸው ነበር። ልጃቸው ጎንደር ዘመድ ቤት ሆኖ ይማራል። ለስምንተኛ ክፍል ፈተና ሲመዘገብ የአባቱ ስም ተሳስቶ ተጽፏል። ምዝገባው ደግሞ በዚያው ሳምንት ይዘጋል። የመጀመሪያውን ስልክ ያነሳችው ጸሐፊ ጉዳዩን በብጣሽ ወረቀት ጽፋው ነበር፤ ወረቀቱ የት እንደገባ አልታወቀም። ሁለተኛውን ያነሳው ሰው “የሚመለከተው የለም” ብሎ ዘጋው። ሦስተኛው እኔ ነኝ። “እናቴ፣ የልጁ ሙሉ ስም ማን ነበር?” ብዬ ስጠይቅ፣ እሳቸውም ፊደል በፊደል ሲነግሩኝ፣ መሐል ላይ ካርዳቸው አለቀና ተቋረጠ። የጠረጴዛው ስልክ ቁጥር አያሳይም። መልሼ ልደውልላቸው ብፈልግም አልቻልኩም።

በማግስቱ በማለዳ ሚኒባስ ተሳፍረው፣ በማክሰኚት በኩል አድርገው እራሳቸው መጡ። ስሙ ተስተካከለ፤ አልሐምዱሊላህ። እኔን ግን እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ሌላ ነገር ነው። የልጁ መዝገብ ከነቤተሰቡ ስልክ ቁጥር እዚያው ጠረጴዛ ላይ ባለው ኮምፒውተር ውስጥ ነበር። በስልኩና በኮምፒውተሩ መካከል ያለው ርቀት ሁለት ስንዝር አይሞላም። ግን አይተዋወቁም።

ዛሬ የምጽፍላችሁ እነዚህን ሁለት ዕቃዎች ስለማስተዋወቅ ነው። ጉዳዩ የባንክና የአየር መንገድ ብቻ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። ነገር ግን ሦስት ሰው የሚሠራበት የመድረሳ ቢሮ፣ የየቲሞችን መዝገብ የያዘ ጀመዓ፣ ክሊኒክ ወይም የጅምላ መደብር ሊጠቀምበት የሚችል ነገር ነው።

ማገናኘት ሲባል

ስልኩ ሲጠራ የደዋዩ ቁጥር ወደ ኮምፒውተሩ ይሄዳል። ኮምፒውተሩ ቁጥሩን ከመዝገቡ ውስጥ ይፈልጋል፤ ካገኘው የሰውየውን ገጽ በስክሪኑ ላይ ይከፍታል። ስልኩን የሚያነሳው ሰው “ሃሎ” ከማለቱ በፊት ማን እንደደወለ፣ ባለፈው ስለ ምን እንደደወለና ምን እንደተባለ ያያል። በተቃራኒው ደግሞ በመዝገቡ ላይ ያለውን ቁጥር በማውስ ሲጫኑት ስልኩ ራሱ ይደውላል፤ አሃዝ መሳሳት የለም። ንግግሩ ሲያልቅም ማን፣ መቼ፣ ለስንት ደቂቃ እንዳወራና ተነሥቶ ይሁን ሳይነሣ ይመዘገባል። ዋናው ነገር ይኸው ነው። ሌላው ሁሉ በዚህ ላይ የሚጨመር ነው።

አንድ ነገር ከመጀመሪያው ይለይላችሁ። ድምፅና መረጃ የተለያዩ ናቸው። ኮምፒውተሩ ንግግራችሁን መስማት የለበትም። ድምፁ በለመደው የስልክ እጀታ ሊሄድ ይችላል፤ ወደ ኮምፒውተሩ የሚሄደው “ይህ ቁጥር እየደወለ ነው፣ አሁን ተነሣ፣ አሁን ተዘጋ” የሚለው ምልክት ብቻ ነው። ብዙ ሰው ሄድሴት ካልገዛን፣ ስልኩን ካልጣልን አይሆንም ብሎ የሚፈራው ይህን ባለመለየት ነው።

ሐሳቡ በራሱ ጥንታዊ ነው። በአገራችን የስልክ ታሪክ እ.ኤ.አ. በ1894 በተጀመረው የአዲስ አበባ–ሐረር የ477 ኪሎ ሜትር መስመር ነው የሚቆጠረው። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዘመን ስልክ የሚያገናኘው ሰው ነበር። ሰንትራል ላይ የተቀመጠው ሠራተኛ ገመድ እየነቀለ እየሰካ ያገናኛል፤ የከተማውን ሰው በድምፁ ያውቃል፤ “ሐጂ አሁን ሱቅ የሉም፣ ከዙህር በኋላ ደውል” ይላል። አውቶማቲክ ማዞሪያው ሲመጣ ያ ዕውቀት አብሮ ጠፋ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ማይክሮሶፍትና ኢንቴል “ታፒ” የሚባለውን የመግባቢያ ደንብ ያወጡት ኮምፒውተር ስልክን እንዲያዝና እንዲሰማ ነው። ኖቬልና ኤቲኤንድቲም “ቲሳፒ” የሚባለውን በጋራ አቀረቡ። የመጀመሪያው ጠረጴዛ ላይ ያለውን ስልክ ጠረጴዛ ላይ ካለው ኮምፒውተር ጋር ሲያገናኝ፣ ሁለተኛው የድርጅቱን ዋና ማዞሪያ ከሰርቨር ጋር ያገናኛል። ዛሬም ቢሆን ሻጭ ሲያነጋግራችሁ “ግንኙነቱ በእያንዳንዱ ኮምፒውተር ነው ወይስ በማዞሪያው በኩል?” ብላችሁ ጠይቁ። ሁለተኛው ይሻላል፤ አንድ ኮምፒውተር ቢበላሽ ሌላው አይቆምም።

ለድሃ ቢሮ በር የከፈተው ግን ሌላ ነው። ማርክ ስፔንሰር የሚባል አሜሪካዊ ተማሪ እ.ኤ.አ. በ1999 ለጀመራት አነስተኛ ድርጅት የስልክ ማዞሪያ ለመግዛት አቅም ስላነሰው በተራ ኮምፒውተር ላይ የሚሠራ ማዞሪያ ራሱ ጻፈ። “አስተሪስክ” ብሎ ሰየመውና ለሁሉም በነጻ ለቀቀው። ዛሬ “ፍሪፒቢኤክስ” እና “ኢሳቤል” የሚባሉት በብራውዘር የሚታዘዙ ማዞሪያዎች ውስጣቸው እሱ ነው።

በአገራችን ትልቁ ምሳሌ

ከእንፍራንዝ እስከ ፎገራ ሜዳ ያለ ገበሬ 8028 የሚለውን ቁጥር ሰምቶት ይሆናል። የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ ከግብርና ሚኒስቴር፣ ከግብርና ምርምር ኢንስቲትዩትና ከኢትዮ ቴሌኮም ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2014 የጀመረው ነጻ የገበሬዎች መስመር ነው። ገበሬው ሲደውል ሰው አያነሳም፤ ኮምፒውተር ነው የሚያነሳው። ቋንቋ ያስመርጣል፣ ስለ ጤፍ ይህን ቁጥር፣ ስለ ስንዴ ያንን ተጫን ይላል፤ የተቀዳውን ምክር ያሰማል። ከዚህ ሁሉ እኔን የሚገርመኝ ደዋዩ መጀመሪያ ሲደውል የሚመዘገብ መሆኑ ነው። አካባቢው ስለሚታወቅ በሽታ ሲከሰት ማስጠንቀቂያውን ለሚመለከታቸው ገበሬዎች ለይቶ መላክ ይቻላል። ስማርት ስልክ አያስፈልግም፤ ማንበብም ግድ አይደለም። ስልክ ቁጥር ከመዝገብ ጋር ሲጋባ የሚገኘው ጥቅም ይህ ነው፤ ለመቶ ተማሪ ወላጆችም ቢሆን መንገዱ ያው ነው።

ለትንሽ ቢሮ ምን ያስፈልጋል?

ሁለት መደበኛ የስልክ መስመር ያለው ቢሮ እንውሰድ። መስመሮቹ የሚገቡበት “ኤፍኤክስኦ” በር ያለው ትንሽ ጌትዌይ ይገዛል። ይህች ሳጥን የመዳብ ሽቦውን ጥሪ “ሲፕ” ወደሚባለው የኔትወርክ ቋንቋ ትተረጉመዋለች። ማዞሪያው ፕሮግራም በአንድ ያገለገለ ዴስክቶፕ ላይ ይጫናል። ስልኮቹ የአይፒ ስልክ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ወይም የድሮዎቹ ስልኮች “ኤፍኤክስኤስ” በር ባለው ሳጥን ይሰካሉ። ሁለቱ ስሞች ስለሚመሳሰሉ ስንት ሰው የማይሆነውን ገዝቶ ተመልሷል፤ ከቴሌ የሚመጣው ሽቦ የሚሰካው ኤፍኤክስኦ ላይ፣ የእናንተ ስልክ የሚሰካው ኤፍኤክስኤስ ላይ ነው። ብዙ መስመር ለሚፈልግ ትልቅ ተቋም 30 ጥሪ በአንድ ጊዜ የሚሸከመው “ኢዋን” አለ፤ ለእኛ ግን አይሆንም።

ማዞሪያው ስለ እያንዳንዱ ጥሪ በኔትወርኩ ላይ ወሬ ያወጣል። ትንሽ ፕሮግራም ያንን ወሬ ያዳምጥና ቁጥሩን አድራሻው ውስጥ አስገብቶ የመዝገባችሁን ገጽ በብራውዘር ይከፍታል። መዝገባችሁ ኤክሴል ብቻ ከሆነ መጀመሪያ ወደ ዳታቤዝ መዛወር አለበት። ፕሮግራሙ ኮምፒውተር ሳይንስ ለተማረ ወጣት የጥቂት ቀን ሥራ ነው፤ በየሰፈራችን እንደዚህ ያሉ ልጆች ሥራ ፈትተው ተቀምጠዋል።

መደበኛ መስመር ሁለት አመሎች አሉት። የደዋይ ቁጥር ማሳያ አገልግሎቱ ካልተከፈተ ቁጥሩ አይመጣም፤ ስለዚህ ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት ቁጥር የሚያሳይ ስልክ ሰክታችሁ ሞክሩ። ሲከፈትም ብዙ ጊዜ ቁጥሩ የሚላከው በመጀመሪያውና በሁለተኛው ጥሪ መካከል ነው፤ ስለዚህ ሳጥኗ ሁለተኛውን ጥሪ እንድትጠብቅ ትታዘዛለች። ሌላው፣ ደዋዩ ሲዘጋ መስመሩ መዘጋቱን ሳጥኗ ላታውቅ ትችላለች። ያን ጊዜ መስመሩ ለሰዓታት ተይዞ ይቆያል፤ ሰው ሁሉ “ቢዚ ነው” ይላል። መፍትሔው ከዘጉ በኋላ የሚሰማውን የቱት ቱት ድምፅ ለይታ እንድትዘጋ ማስተካከል ነው። ባለሙያው ይህን ሳይፈትን ከሄደ ሥራው አላለቀም።

እዚህ ላይ የእኛን አገር ጠባይ አስቡ። የገጠር ደዋይ ካርድ ስለሌለው አንድ ጊዜ አስጠርቶ ይዘጋል፤ ሚስኮል ነው፤ “መልሰህ ደውልልኝ” ማለቱ ነው። ሳጥኗ ሁለተኛውን ጥሪ ስትጠብቅ እሱ ዘግቷል፤ ብዙ ጊዜ መዝገብ ላይ አይገባም። ስለዚህ ከመደበኛው መስመር ጎን ለጎን የሞባይል ሲም የሚገባበት ጌትዌይ መኖሩ ይመከራል፤ በሞባይል ቁጥሩ ከጥሪው ጋር አብሮ ይመጣል። ጠዋት ጠዋት “ትናንት ሳይነሡ የቀሩ” የሚለውን ዝርዝር ከፍቶ መልሶ የሚደውል አንድ ሰው መመደብ ከዚህ ሁሉ ቴክኖሎጂ ትልቁ ትርፍ ይመስለኛል።

የቁጥርና የስም ጣጣ

ብዙዎች ዕቃውን ገዝተው፣ ሁሉንም ሰክተው፣ ገጹ አልከፈት ይላቸዋል። ምክንያቱ መዝገባቸው ነው። አንዱ ጸሐፊ ቁጥሩን ከ09 ጀምሮ ይጽፋል፤ ሌላው በ+251 ይጀምራል፤ ሦስተኛው መሐል ላይ ሰረዝ ያደርጋል። ኤክሴል ደግሞ ቁጥር መስሎት የፊቱን ዜሮ ይበላዋል። ለእኛ አንድ ቁጥር ነው፤ ለኮምፒውተሩ አራት የተለያየ ነገር ነው። መላው ቀላል ነው፦ ከቁጥር ውጪ ያለውን ሁሉ አስወግዶ የመጨረሻዎቹን ዘጠኝ አሃዞች ብቻ ማነጻጸር። የሞባይሉ በ9 ወይም በሳፋሪኮም ከሆነ በ7 ይጀምራል፤ የጎንደርና የባሕር ዳር አካባቢ መደበኛ ስልክም በ58 ይጀምርና ዘጠኝ ይሆናል። ከውጭ አገር ለሚደውሉ ዘመዶች ግን ሙሉው ቁጥር ይቀመጥ።

በስም መፈለግ ግን ከዚህ ይከፋል። ሙሐመድ፣ መሐመድ፣ ሙሀመድ፣ ሞሐመድ። ሰዒድ፣ ሰይድ፣ ሠዒድ። ፊደላችን ሀ፣ ሐ፣ ኀ እያለ ለአንድ ድምፅ ሦስት መልክ ሲሰጥ፣ የዐረብኛው ስም አጻጻፍ ደግሞ ሌላ ልዩነት ይጨምራል። የእኚያ እናት ልጅ ችግር የመጣውም ከዚህ ነበር። መዝገቡን የሚሠራው ልጅ ፍለጋው ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውን ፊደላት አንድ አድርጎ እንዲያይ ማድረግ አለበት፤ ሰውየው ስሙን ራሱ የጻፈበት መልክ ግን ሳይነካ ይቀመጥ። አንድ ነገር ደግሞ አትርሱ፦ በእኛ ዘንድ አንድ ስልክ የአንድ ሰው አይደለም። በአንድ ቁጥር አምስት ልጆች፣ አክስት፣ ጎረቤትም ሊደውሉ ይችላሉ። ስለዚህ ገጹ የአንድ ሰው ስም ብቻ ሳይሆን በዚያ ቁጥር የተመዘገቡትን ሁሉ ዘርዝሮ ያሳይ፤ አንሺውም ከስም መጥራት በፊት “ማንን ላነጋግር?” ይበል።

ሰዓትና ጁሙዓ

ማዞሪያው ቢሮው በተዘጋበት ሰዓት የተቀዳ መልእክት ያሰማል። ዓርብ ከ5፡30 እስከ 7፡30 ያለውን የጁሙዓ ሰዓት አስገባ ሲባል ልጁ እንዳለ 5፡30 ብሎ ይጽፋል። ማሽኑ ግን በፈረንጅ ሰዓት ነው የሚያስበው፤ ለእሱ 5፡30 ንጋት 11 ሰዓት ተኩል ነው። ውጤቱ፣ በጎህ መልእክቱ ይሰማል፤ በጁሙዓ ሰዓት ደግሞ ስልኩ ባዶ ቢሮ ውስጥ ይጮሃል። የሚጻፈው 11፡30 እና 13፡30 ነው። ዒድን ግን በቀን መቁጠሪያ አስቀድማችሁ አታስገቡ። ጨረቃ የምትወስነውን ቀን ማሽን አያውቅም፤ በየዓመቱም ወደ አሥራ አንድ ቀን ገደማ ቀድሞ ይመጣል። ለሱ በስልኩ ላይ የሚጫን አጭር ኮድ አበጁለት፤ የዒድ ዋዜማ አንዱ ተጭኖት ይሂድ።

መብራት፣ ኢንተርኔትና ሌባ

ማዞሪያው በቢሮው ውስጥ ይሁን እንጂ ውጭ አገር ባለ ሰርቨር ላይ አይሁን የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። ከ2015 ክረምት ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተዘግቶ እንደነበር ሁላችንም እናስታውሳለን። በኢንተርኔት ላይ የተንጠለጠለ ስልክ ያን ቀን አብሮ ይሞታል። ቢሮ ውስጥ ያለ ማዞሪያ ግን ለውስጥ ግንኙነት ኢንተርኔት አያስፈልገውም፤ አንድ ጥሪ በኔትወርኩ ላይ የሚይዘው ወደ 90 ኪሎ ቢት በሰከንድ ስለሆነ ተራ ኬብል ለአሥር ሰው ይተርፋል። ለመብራት ኮምፒውተሩን፣ ሳጥኗንና የኔትወርክ ማከፋፈያውን ሦስቱንም የሚይዝ ዩፒኤስ ይግባ። በተጨማሪ አንድ የድሮ ስልክ በቀጥታ ከመስመሩ ጋር የሚሰካበት ቦታ ተዉ፤ ሁሉም ሲጠፋ የምትነሳው እሷ ነች።

ሌባውን በተመለከተ፦ ማዞሪያውን ለኢንተርኔት ክፍት ከተዋችሁት የይለፍ ቃል እየገመቱ የሚገቡ ፕሮግራሞች ብዙም ሳይቆዩ ያገኙታል። ሌሊት ገብተው ወደ ውድ የውጭ አገር ቁጥሮች ይደውላሉ፤ ሒሳቡ ለእናንተ ይመጣል። ከውጭ መግባት የግድ ካልሆነ በሩን ዝጉት፤ ወደ ውጭ አገር መደወልንም ከማይጠቀሙበት መስመር ላይ አዘጉ።

ሕግና አማና

የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761/2004 በኢንተርኔት የስልክ አገልግሎት መስጠትን ያስጠይቃል። በራሳችሁ መስመር ለራሳችሁ ቢሮ ጥሪ መቀበል አንድ ነገር ነው፤ ከውጭ በኢንተርኔት የመጣን የሰው ጥሪ በሲም ሳጥን ወደ አገር ውስጥ ማስገባት ሌላ ነው፤ ወንጀሉም እዚህ ላይ ነው። የሲም ጌትዌይ ዕቃው ስለሚመሳሰል ከመግዛታችሁ በፊት የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንን ስለ ዕቃው ፈቃድ ጠይቁ፤ “ዘመድ ከውጭ አመጣልኝ” መልስ አይሆንም።

ጥሪ መቅዳት በአንድ ጠቅታ የሚከፈት ነገር ነው፤ ስለዚህ ሁሉም ይከፍተዋል። እኔ አልስማማም። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ የሰውን መረጃ ያለ በቂ ምክንያትና ያለ ፈቃዱ መያዝ የሕግ ጥያቄ ያስነሳል። ከሕጉም በፊት ነገሩ አማና ነው። ዘካ ለመጠየቅ አፍሮ አፍሮ የደወለ አባት፣ የቤቷን ችግር የነገረች እኅት፣ ድምፃቸው በኮምፒውተር ተቀምጦ ማንም ጸሐፊ እንዲያዳምጠው አልፈቀዱም። አስፈላጊ ከሆነ ደዋዩ አስቀድሞ ይነገረው፤ ማን እንደሚሰማው ይወሰን፤ ከስንት ቀን በኋላ እንደሚጠፋ ይወሰን። ለአብዛኛው ቢሮ ግን ከድምፁ ይልቅ አንሺው የጻፋት ሁለት መስመር ማስታወሻ ትበቃለች። ስክሪኑም ወደ ባለጉዳይ እንዳይዞር፤ ስልክ ሲጠራ የሰው ገጽ ይከፈታልና ፊት ለፊት የቆመ እንግዳ የማያገባውን ያነባል።

ዕቃ ለመግዛት ከመነሳታችሁ በፊት አንድ ሳምንት ደብተር ያዙ። የደወለውን ሁሉ፦ ሰዓቱን፣ ቁጥሩን ጠይቃችሁ፣ ጉዳዩን፣ ለስንተኛ ጊዜ እንደደወለ ጻፉ። ከሳምንት በኋላ ከሰላሳው ደዋይ ሃያው “ውጤት ደረሰ ወይ?” ብሎ የሚጠይቅ ከሆነ የሚያስፈልጋችሁ ለቡድን አጭር መልእክት መላኪያ ነው፤ ማዞሪያው ይቆይ። ብዙዎቹ ለሁለተኛና ለሦስተኛ ጊዜ የደወሉ ከሆኑ ግን ከላይ ያልኩትን ጀምሩ፤ እስከዚያው ቁጥር የሚያሳይ ስልክ ዛሬውኑ ገዝታችሁ ደብተሩን አጠገቡ አስቀምጡ።